ከቁንዝላ በመኪና የሚመጣ በቆሎ ኪሎ እየጎደለብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ እህል ንግድ ላይ ያላችሁ ወይም መኪና የምታሠሩ እርዱኝ።

በጀልባ ይመጣ የነበረውን በቆሎ አሁን በአይሱዙ ነው የማስጭነው። ጣና ሐይቅን ጀርባ ሰጥቶ በዱርቤቴና በመራዊ ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። ባለፈው 50 ኩንታል ሲራገፍ ከየጆንያው ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ጎደለ። ሹፌሩ «እርጥበቱ ተኖ ነው» ባይ ነው። ስሌቱስ አለ፦ እርጥበቱ ከ15 ወደ 13.5 በመቶ ቢወርድ 100 ኪሎው 98.3 ገደማ ይሆናል። ግን በአንድ ቀን መንገድ፣ ያውም ሸራ ለብሶ? እንዲያውም ከሸራው ሥር የነበሩት የላይኞቹ ጆንያዎች አልቧቸው ነበር። እንደተራገፈ ፍሬውን ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ስንጠው ጨው ጠርሙሱ ላይ ተለጠፈ፤ ገና ከ15 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ተጠርጎ 6 ኪሎ ብቻ ወጣው።

የቀረኝ ጥርጣሬ የሁለቱ ቦታ ሚዛን ነው። 20 ኪሎ የብረት መመዘኛ ከመኪናው ጋር ልኬ ሁለቱንም ብፈትሽ ይበቃል? ወይስ በሙሉ ጆንያ ክብደት ነው መፈተሽ ያለበት? ላቡንስ ሸራውን ከፍ አድርጎ በማሰር ማስቀረት ይቻላል? ከሹፌር ጋር ስትዋዋሉ በኩንታል ስንት ኪሎ ጉድለት ትቀበላላችሁ?