ሀይብሪድ፣ ካታና ወይስ ሙሉ ቲዩብ? ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ ባንድ

ብርዱ በዛ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ ባንድ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ልንገዛ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሆቴል አዳራሽ፣ በሰርግ ወራት ድንኳን፣ አንዳንዴም በጣርማበር ወርደን ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት። ሙሉ ድራም፣ ኪቦርድና ሳክስፎን አለ። ጊታሩ ባብዛኛው ንፁህ ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ ትዝታ ላይ ክር ሲሳብ እንዳይሰነጠቅ፣ ጭፈራው ሲሞቅ ደግሞ ትንሽ እንዲያጉረመርም።

ሦስት ምርጫ አለን። አንዱ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ 22 ዋት ሙሉ ቲዩብ (በሚግሉ ብርጭቆዎች ብቻ የሚያጎላ)፣ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ነው። ሁለተኛው ቮክስ ቪቲ40ኤክስ፣ ሀይብሪድ (ቲዩብና ትራንዚስተር የተቀላቀለበት) የሚሉት። ሦስተኛው ቦስ ካታና 50፣ ቲዩብ የሚባል የለበትም። ሻጩ «ሀይብሪዱ ቲዩብ ስላለው ከካታናው ይበልጣል፣ ሙሉ ቲዩቡ ደግሞ ከሁለቱም» ብሎ ደረጃ አውጥቶልናል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሊድና ፒንሳ

የሻጩ ደረጃ ለሻጩ ነው። «ሀይብሪድ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ቲዩቡ የት ቦታ ነው የተቀመጠው ብለህ ጠይቅ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ቫልቭስቴት ፊቱ ላይ ኢሲሲ83 (የ12ኤኤክስ7 ቲዩብ ሌላ ስም) አለው፣ ስፒከሩን የሚገፋው ግን ትራንዚስተር ነው። ፌንደር ሱፐር ቻምፕ ኤክስ2 ተገላቢጦሽ ነው፤ ፊቱ ዲጂታል፣ ኋላው ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ፣ ከስፒከሩ ጋር ከሚያገናኛቸው አውትፑት ትራንስፎርመር ጋር። አንተ ያየኸው ቮክስ ውስጥ ያለችው አንዲት 12ኤኤክስ7 ናት። ድምፁን ታቀልመዋለች፣ ስፒከሩን ግን አትገፋም።

ሱቅ ስትገባ ጎንበስ ብለህ ከኋላ እይ። አውራ ጣት የምታክል ባለ 9 እግር ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ) ናት። ጥቁር መቀመጫ ላይ የቆመው ባለ 8 እግር ትልቅ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የፓወር (ስፒከሩን የሚገፋው ክፍል) ነው። ኢኤል84 ግን ባለ 9 እግር ሆና ፓወር ስለሆነች እሷ እንዳታሳስትህ ትራንስፎርመር ቁጠር፦ አንዱ የመብራቱ፣ ሌላው የአውትፑቱ። አውትፑት ትራንስፎርመር ከሌለው ኋላው ቲዩብ አይደለም፤ በቃ። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ላይ ከቲዩቡ ጀርባ ብርቱካናማ ኤልኢዲ ሰክተው «ግሏል» የሚያስመስሉም አሉ፤ እነሱን አልፈህ ሂድ።

ይህ ልዩነት ለምን ይሰማል? 8 ኦም የተባለ ስፒከር 8 ኦም ላይ አይቆምም። ከ70 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ኦሙ በብዙ እጥፍ ይዘላል፣ ወደ ላይኛው ድምፅም እየጨመረ ይሄዳል። ቲዩብ ፓወር በዚያ ቦታ ላይ ቮልቴጁን ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ወፍራሙ ክር የሚሞላው፣ ቀጭኑም የሚያበራው። ተራ ትራንዚስተር ፓወር ያንን ስለማያደርግ ዲጂታሉ ክፍል በሒሳብ ሊተካው ይሞክራል። ዘንድሮ ዘንድሮ ጥሩ አድርገው ይተኩታል፣ ይህን መካድ አልፈልግም።

ዋቱ ላይ አትከራከሩ። ከ22 ወደ 40 ዋት መዝለል 2.6 ዴሲቤል ብቻ ነው። 97 ዴሲቤል የሚሰጥን ስፒከር በባለ 100 መቀየር ዋቱን እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው። ሙሉ ድራም ካለ 22 ዋቱ ቮልዩም 5 አካባቢ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ንፁህ ድምፅ ከፈለግህ 3 ላይ አቁመህ ማይክ አድርግለት። ማይኩ ከመረቡ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር፣ ከመሐሉ ክብ ወጣ ብሎ።

አንቺሆዬ

በሊድና ፒንሳ ትንተና እስማማለሁ፣ «ጥሩ አድርገው ይተኩታል» ላይ ግን አልስማማም። በእኛ ዜማ ጊታሪስቱ ብዙውን የሚናገረው በግራ እጁ ነው፦ ክር መሳብ፣ መንሸራተት፣ አንዱን ድምፅ በፔና እየደጋገሙ ማንቀጥቀጥ። ቲዩቡ በለሆሳስ ስትነካው ይጠራል፣ ጠንከር ስትል ራሱ ያጉረመርማል፤ ፔዳል መርገጥ አያስፈልግም። ሞዴሊንጉ (የቲዩብን ድምፅ በዲጂታል የሚያስመስለው) ከፋብሪካ ሲመጣ ግን ጌኑም (የማጉረምረም መጠኑ) ሪቨርቡም (ማስተጋባቱ) ለሮክ ተሞልቶ ነው። ሰው ያንን ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ ድምፅ) ከፍቶ ባቲ ይጫወትበትና «ዲጂታል ነው፣ ይጮኻል» ይላል።

ካታናውን ከገዛችሁ እንዲህ ጀምሩ፦ የአምፕ ዓይነቱ ክሊን፣ ጌኑ ከሩብ በታች፣ ትሬብሉ 4፣ ሪቨርቡ ትንሽ። የወደዳችሁትን የቻናሉን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ አስቀምጡት፤ መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጣችሁት አብሮ ይጠፋል።

ማንም የማያነሳው ነገር ደግሞ ጥገናው ነው። ቲዩብ አምፕን ሽቦው፣ ካፓሲተሩ፣ ሬዚስተሩ ሁሉ በዓይን ስለሚታይ የድሮ ሬዲዮ የሠራ ሰው ያስነሳዋል። የዲጂታል ቦርድ ቺፑ ከተቃጠለ ግን ሙሉ ቦርዱን ማስመጣት ነው። ለዴሉክሱ የምታስቀምጡት መለዋወጫ ሁለት ተመሳሳይ 6ቪ6፣ ሁለት 12ኤኤክስ7፣ አንድ 12ኤቲ7 እና ኋላው ላይ በተጻፈው አምፒር ልክ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ ነው።

ለሠሪው ግን ንገሩት፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል። አሟጦ፣ በቴስተር ለክቶ ነው እጅ የሚያስገባው። ስፒከሩን ነቅሎ ማብራት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይሄዳል።

ጣርማበር 12

ስለ ድምፁ ብላችሁታል። እኔ ስለ መብራቱ።

የቲዩብ ውስጡ የሚቀላው ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ 10 በመቶ ወጣ ገባ ይችላል፣ ማለትም ከ5.7 እስከ 6.9። ባለ 120 ቮልቱን አምፕ 220/110 በሚል ትራንስፎርመር ብታበሩት፣ ሶኬቱ ልክ 220 ሲሆን ክሩ 5.8 ያገኛል። ይሠራል። 110 መሆኑ እንዲያውም ይረዳል፤ ምክንያቱም ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ የበለጠ ይግላል። ትራንስፎርመሩ ከ300 ቪኤ አይነስ፣ ሦስተኛዋ የኧርዝ ሽቦም ከሶኬቱ እስከ አምፑ ማለፏን በቴስተር አረጋግጡ። ብዙዎቹ ርካሽ ትራንስፎርመሮች እዚያ ላይ ይቆርጧታል።

ኧርዝ ከሌለ የጊታሩን ክር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያሳረፈ ዘፋኝ ይነዘራል። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት፣ በአንድ ኤክስቴንሽን አብሩ። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ በጊታሩ ክርና በማይኩ መረብ መካከል ለኩ። ከ2 ወይም 3 ቮልት ካለፈ ማንም ማይኩን አይንካ።

ከፍታውም አለ። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጀርባው ላይ «ከ2000 ሜትር በታች» የሚል ምልክት አለው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርዱ እያንዘፈዘፈህም አምፑ ሙቀቱን እንደልቡ አያወጣም። ከግድግዳ 30 ሳንቲሜትር አርቁት፣ ላዩ ላይም ጋቢ አትጣሉበት።

ጋቢው ለመንገድ ነው። ከዚህ በብርድ ወጥታችሁ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ወዲያው ብትገልጡት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ይቋጥራል። እንደተጠቀለለ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ሲገለጥ ሻሲውን በእጅ ዳስሱ፣ ከቀዘቀዘ ገና ነው። ቲዩቦቹንም በጣት ጫን ጫን አድርጉ፣ የመኪና መንገጫገጭ ያላላቸዋል።

ብርዱ በዛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአዳራሹን ሶኬት ለክተነዋል፦ ጠዋት 226፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ግን 187 ድረስ ይወርዳል። በጄኔሬተር ሲሆን 240 አካባቢ፣ ማቀዝቀዣው ሲነሳ ይዋዥቃል። ጋሽ ሊድ፣ ይህ ዴሉክሱን ከምርጫ ያስወጣዋል?

ሊድና ፒንሳ

ያለ ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ከሆነ አዎ። 187 ሲሆን ከትራንስፎርመሩ 93.5 ይወጣል፣ የቲዩቡ ክር 4.9 ቮልት ላይ ይቆማል። ድምፁ ይሞታል፤ በዚያ ሁኔታ ሁልጊዜ መሥራትም የቲዩቡን ዕድሜ ይበላል። ባለ 1000 ቪኤ ስታብላይዘር ግዙ፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ 3 ደቂቃ ዘግይቶ የሚለቅቅ ዓይነት ይሁን። ቅደም ተከተሉ ሶኬት፣ ስታብላይዘር፣ ትራንስፎርመር፣ አምፕ ነው። ስታብላይዘሩን ከጊታሩ ሁለት ሜትር አርቁት፣ አለዚያ ሲንግል ኮይል ጊታር እምምም የሚለውን ይለቅመዋል።

የሁለቱን ሌሎች ጀርባቸውን ወይም አዳፕተራቸውን አንብብ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ 187 ጉዳዩ አይደለም። 220 ወይም 230 ብቻ የሚል ከሆነ እሱም ስታብላይዘር ይፈልጋል።

አንቺሆዬ

ስታብላይዘሩ የግድ ከሆነ ሒሳቡ ወደ ዴሉክሱ ያጋድላል ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ ትገዙታላችሁ፣ ለኪቦርዱም ይሆናል።

ጣርማበር 12

ለሆቴሉ እሺ። ለድንኳኑ ግን ስታብላይዘር፣ ትራንስፎርመርና 19 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አምፕ ማን ነው የሚሸከመው? ድንኳን ውስጥ ማይክ የሚያደርግላችሁ ሰው ካለ ካታናው ይበቃል፤ የጆሮ ማዳመጫና የቀረጻ መውጫ ስላለው ያለ ማይክም ሚክሰር ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ግን የራሱ ስፒከር ዝም ይላል። የቮክሱን ነገር እተወዋለሁ፤ 10 ኢንች ስፒከር ከሳክስፎን ጎን ሲቆም ወፍራም ክሮቹ ይጠፋሉ።

ብርዱ በዛ

ዴሉክሱን ቅዳሜ ሄደን እናየዋለን። እዚያው ምን እንፈትሽ?

ሊድና ፒንሳ

ቴስተር ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ስፒከሩ መሰካቱን እይ። አብርተህ 10 ደቂቃ ቆይ። 6ቪ6ዎቹ ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት መቅላት ከጀመረ ወዲያው አጥፋ፣ ባያሱ (የቲዩቡን ጅረት የሚወስነው) ወይም ራሱ ቲዩቡ ተበላሽቷል። ካልቀላ ቮልዩሙን 4 ላይ አድርገህ ትንንሾቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አድርግ፤ እንደ ደወል የምትጮኸው ትለወጣለች፣ ዋጋዋንም ከሻጩ ላይ ቀንስ። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም ጉምጉም ካለ ብዙ ጊዜ የፊልተር ካፓሲተር ነው፤ እሱን ሳታስለውጥ ገንዘብ አትክፈል።