የመታወቂያዬ ፎቶ በማላውቀው ሰው እጅ ገብቷል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ የካሸር ሥራ ማስታወቂያ አየሁ፤ እዚሁ ሰፈሬ አካባቢ። ከዚህ መሃል ከተማ ለሚመላለስ ታክሲው ብቻ ደሞዝ ይጨርሳል። ሳላመነታ ጻፍኩለት። የፋይዳ መታወቂያዬን ፊትና ጀርባውን አንስቼ ላክሁ፤ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ቀጥሎ «ለምዝገባ ኮድ ይመጣልሻል፣ ላኪልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ለካ የቴሌግራም መግቢያ ኮዴ ኖሯል!

ማታ ታላቅ እህቴ ደወለች። «አንቺ፣ ምን ገጥሞሽ ነው 5 ሺህ ብር ላኪልኝ ያልሽው?» ስትለኝ ክው አልኩ።

ወዲያው ሴቲንግ ገብቼ የማላውቀውን ስልክ ከአካውንቴ አስወጣሁ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራሁ። እሱስ እሺ። እንቅልፍ የነሳኝ መታወቂያው ነው። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ፊቴና የልደት ቀኔ ግን አይቀየሩም። በስሜ ሲም ቢያወጣስ? ብድር ቢወስድስ?

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መውጣቱን አውቃለሁ። ግን ቀድሜ የት ልሂድ? ፖሊስ፣ ባንክ ወይስ ፋይዳ ቢሮ? እንዲህ የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ቻቱን አላጠፋሁትም፤ ስክሪንሾትም ይዣለሁ።