በመግቢያ ፈተና በሚቀበል የሴቶች ትምህርት ቤት ስለምትማረው ልጄ ምክራችሁን እሻለሁ

ልጄ ተማሪዎቹን በመግቢያ ፈተና እየመረጠ ወደሚቀበል የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች ያደገች ልጅ፣ አሁን ውጤቷ ሳይቀንስ ደረጃዋ ብቻ ወደ መካከል ስለወረደ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ማለት ጀምራለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳሳዩት፣ ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች ጎበዞች በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት ሲማሩ ለራሳቸው የትምህርት ችሎታ የሚሰጡት ግምት ዝቅ ይላል፤ ይህን ማንበቤ ምክንያቱን ቢያስረዳኝም፣ ማታ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ስታለቅስ ምን እንደምላት ግን አላስተማረኝም።

ትምህርት ቤቱን ግን ትወደዋለች። ፊዚክስ የወንዶች ነው የሚላት የለም፤ እጇን አውጥታ ለመጠየቅም አትሳቀቅም። አባቷ እናስወጣት ይላል፤ እኔ ደግሞ (ፈተናውን እንድትወስድ የገፋፋኋት እኔው ስለሆንኩ ፍርዴን ሙሉ በሙሉ አላምነውም) አንድ ዓመት እንታገሥ እላለሁ።

በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የተማራችሁ እህቶችና ልጆቻችሁን ያስተማራችሁ ወላጆች፣ ይህ ስሜት በጊዜ ብዛት ይለቃል ወይስ እየጠነከረ ይሄዳል? የክፍል ኃላፊ መምህርቷን ሳነጋግርስ፣ ልጄን ሳላሳፍር ምን ብጠይቅ ይሻላል?