ፋብሪካው አዲስ አበባ፣ እርሻችን ኦሮሚያ፦ አቤቱታ ለማን ነው?

የወንዝ ዳር
ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ከአቃቂ በታች፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ነው። አባቴ ጎመንና ሽንኩርት የሚያለማው በወንዙ ነው። ከላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ማታ ማታ ፍሳሽ ይለቃል። ጠዋት ውሃው አረፋ ለብሶ ይመጣል፤ ሽታው አያስቀምጥም። እኛ ጋ ስንጠይቅ "ፋብሪካው የኛ አይደለም" አሉን። ከተማው ጋ ስንሄድ ደግሞ "እናንተ የኛ ነዋሪ አይደላችሁም" ተባልን። የት እንሂድ? ጉዳቱንስ በላቦራቶሪ ማስመርመር አለብን?

ሸገር 11
ወንዝ ክልል ከተሻገረ የፌዴራል ነው። በቃ፣ ቀጥታ እዚያ ሂድ።

ጠበቃ ነኝ
እንደዚያ ቀላል ቢሆንማ! አዋጅ 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ሲከፋፍል፣ ፈቃዱ የፌዴራል ከሆነ ወይም ተጽዕኖው ክልል የሚሻገር ከሆነ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሰጣል። የቀረው የክልሎች ነው። ለአቤቱታ ግን የሚጠቅምህ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ 300/1995፣ አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው ለፌዴራሉ ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም። "ነዋሪያችን አይደለህም" ያሉህ ሰዎች ይህን አንቀጽ አላነበቡትም።

ስለዚህ አንዱን ደብዳቤ ለፌዴራሉም ለአዲስ አበባውም አስገባ። በቃል አትናገር። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡህ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካህ፣ ከዚያ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ቀኑ ካለፈ ዋጋ የለውም።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ግቢ መግባት ይችላል። ችግሩ የሚሄደው በሥራ ሰዓት ነው፤ ያኔ ቱቦው ደርቆ ይጠብቀዋል! ደብዳቤው ላይ ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ሰዓት ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ የቱቦው አፍና ከጎኑ ያለው አጥር አብረው ይታዩ። ውሃ በሃይላንድ ቀድታችሁ አትሂዱ፤ ከየት እንደተቀዳ ማን ያምናችኋል? ናሙናውን ራሳቸው እንዲወስዱ በጽሑፍ ጠይቁ።

የብክለት መለኪያ ደረጃውንም ቢሆን ክልል ከፌዴራሉ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይችልም። "በኛ ደረጃ ችግር የለውም" ካሏችሁ ይህን አንሱባቸው።

ሸገር 11
እና ፋብሪካው ቢዘጋ ሠራተኛው የት ይሂድ?

ጡረተኛው
ዝጉት ያለ የለም። ማጣሪያውን ያሠራ ነው የተባለው። አንዳንዱ ማጣሪያ ተክሎ ለመብራት ወጪ ሲል ያጠፋዋል።

የወንዝ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። 30 ቀን ዝም ካሉን ባለሥልጣኑን ራሱን እንክሰስ?

ጠበቃ ነኝ
እሱን አታድርግ። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አፓፕ የተባለ የመብት ድርጅት ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የዚያን ጊዜውን የፌዴራል ባለሥልጣን ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ መከሰስ ያለበት የሚበክለው ነው በሚል መንፈስ። እኔ በውሳኔው አልስማማም፤ ግን አንተ የምትፈልገው ውሃው እንዲጠራ ነው፣ ስለዚህ ፋብሪካውን ክሰስ። ባለሥልጣኑ ዝም ማለቱን የምታስረዳው ቀንና ማኅተም ባለው ቅጂህ ነው። ባለሙያው ቢሮ ከመግባትህ በፊት መዝገብ ቤት እለፍና ቁጥር አስይዝ።