ቤቱ አያልቅም፤ ልቤ የሚረጋው እንዴት ነው?

ጥያቄ ከ«ደፋ ቀና»

ሰላም ለሁላችሁ። የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉኝ። ሁለተኛዋ ስትወለድ ሥራዬን ለቅቄ ቤት እንድውል ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ወሰንን። ማንም አላስገደደኝም፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ እመርጣለሁ። ቤት መያዝ እወዳለሁ። የምጽፍላችሁ ይህ የምወደው ሥራ እርካታ እየነሳኝ ስለመጣ ነው።

ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ስል ውዬ ማታ ዞር ብዬ ስመለከት የሠራሁት አይታይም። የታጠበው ልብስ እንደገና ተቆልሏል፣ የታጠፈው ተጎልጉሏል፣ የተጠረገው ወለል ላይ ፍርፋሪ ተበትኗል። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ነው። አሁን ስጽፍላችሁ ላዩ ላይ ያለውን ልዘርዝር፦ ቁልፎች፣ ከትምህርት ቤት ተልኮ ፊርማዬን የሚጠብቅ ወረቀት፣ አንድ እግር ካልሲ፣ እጀታው የተነቀለ ጃንጥላ፣ የየትኛው ስልክ እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር፣ የባትሪው ክዳን የወለቀ ዘፋኝ መጫወቻ፣ የምን እንደሆነ የረሳሁት የደረሰኝ ክምር። ጠዋት አነሳዋለሁ፤ ማታ ተመልሶ እዚያው ነው።

ስልኬን ስከፍት ደግሞ አንድም ነገር ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ መልክ በመልኩ የተደረደረ ጓዳ አያለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ የራሴን ሳይ ቅስሜ ይሰበራል። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ «ቤቱ ደህና ነው፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?» ይለኛል። ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልፋቴ ያልታየልኝ ይመስለኛል።

ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ኮተቱ ተመልሶ እንዳይመጣ አድርጎ ለመቀነስ ከየት ይጀመራል? ማለቂያ ከሌለው ሥራ ጋር ታርቃችሁ በቤታችሁ ደስ ብሏችሁ የምትኖሩትስ እንዴት ቻላችሁ?

መልስ ከ«ጡረተኛዋ መምህርት»

ልጄ፣ ከጠረጴዛው ጀምሪ። ብዙ ሰው ዕቃ ልቀንስ ብሎ ሲነሳ ወደ ዕቃ ማከማቻው ይሮጣል። የተረሱ ካርቶኖችን ይዘረግፍና ሳይጨርስ ይመሽበታል፤ በማግስቱ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ይጠብቀዋል። ማከማቻው ውስጥ በዓመት አንዴ ብትገቢ ነው። ጠረጴዛው ግን በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ዓይንሽ ላይ ነው፤ እሱ ሲጸዳ እፎይታው ያኔውኑ ይሰማሻል።

አሁን የዘረዘርሽውን መልሰሽ አንብቢው። አብዛኛው የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ ማደሪያ ያጣ ዕቃ ነው። ለቁልፉ ግድግዳው ላይ መስቀያ ይመታለት። ወረቀት እንደመጣ የሚገባበት አንድ መያዣ ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠሽ መያዣውን ባዶ አድርጊው። ቦታ የሌለውን ዕቃ መቶ ጊዜ ብታነሺው መቶ ጊዜ ይመለሳል፤ ይህ የአንቺ ስንፍና አይደለም። ቻርጀሩን ቤት ባሉት ስልኮች ሁሉ ሞክሪው፣ ካልገጠመ ይውጣ። ጃንጥላውም በዚህ ሳምንት ካልተጠገነ ይሂድ፤ «አንድ ቀን ይጠገናል» የተባለ ዕቃ ሲጠገን ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ሌላው ክፍል ስትሄጂ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ ጊዜው ያለፈበት፣ ቀጥሎ ከአንድ በላይ የሆነው፣ ከዚያ የማይለበሰው ልብስ፤ ትዝታ ያለበት ዕቃ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከትዝታ የጀመረ ሰው አንድ ፎቶግራፍ ይዞ አልጋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ቀኑ ያልቃል። የባለቤትሽንና የልጆቹን ዕቃ ደግሞ ሳታስፈቅጂ አታውጪ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቂም ያስቀምጣል።

ዕቃ ከእጅሽ መልቀቅ ሲከብድሽም ራስሽን ስስታም ነኝ ብለሽ አትውቀሺ። ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚወዱት አንድ ሙከራ ነበር። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ነው። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች ኩባያ ሰጡና ለመሸጥ ስንት እንደሚፈልጉ፣ ላልደረሳቸው ደግሞ ለመግዛት ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቋቸው። ባለኩባያዎቹ የጠየቁት ገዢዎቹ ካቀረቡት እጥፍ ገደማ ሆነ። ኩባያው ያው ነው፤ «የእኔ» መባሉ ብቻ ዋጋውን አናረው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑ ፊት ስትቆሚ «ልጣለው ወይ?» አትበይ። «ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ ወጥቼ እገዛው ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ፈጥኖ ይመጣል።

መልስ ከ«ቆራጧ»

እኔ የምመክርሽ ልጆቹን ለዘመድ ሰጥተሽ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁሉንም እንድትጨርሺ ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚባለው ነገር አያልቅም። ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ ስትገላገይ ደስታው ራሱ ይመጣል።

መልስ ከ«አባወራ»

እህታችን፣ ባለቤትዎ ስላሉት ቃል ጥቂት ልበል፤ የቤትዎ ጣጣ ዋናው ሥር እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በሎስ አንጀለስ ሁለቱም ወላጆች ተቀጥረው በሚሠሩባቸው ቤቶች የተደረገ ጥናት አለ። ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። ባልና ሚስቶቹ በየፊናቸው ቤታቸውን እየዞሩ እንዲያስጎበኙ ተደረገና የተጠቀሙባቸው ቃላት ተቆጠሩ። ቤታቸውን «የተዝረከረከ»፣ «ያላለቀ» እያሉ የገለጹት ሚስቶች ላይ ኮርቲሶል የተባለው ከውጥረት ጋር የተያያዘ ሆርሞን እየመሸ ሲሄድ መቀነስ ያለበትን ያህል አልቀነሰም። በባሎቹ ላይ ተመሳሳይ ውጤት አልተገኘም። እንግዲህ ባለቤትዎ «ደህና ነው» ሲሉ እየዋሹ አይደለም፤ እርስዎም እያጋነኑ አይደለም። አንዱ ጠረጴዛ ለእሳቸው ጠረጴዛ ነው፣ ለእርስዎ ግን ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። ይህን በዚሁ ቃል ይንገሯቸው። ጥሩ ሰው ከሆኑ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ የቤት ሥራ የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም። አሊሰን ዳሚንገር የተባለች የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ 35 ጥንዶችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጽሑፍ የማይታየውን የሐሳብ ሥራ በአራት ከፈለችው፦ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰንና መፈጸሙን መከታተል። ውሳኔውን ጥንዶቹ ብዙውን ጊዜ ይካፈሉታል፤ ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው በሴቶቹ ላይ ያርፋል። «እስቲ አግዘኝ» ያለች ሚስት እጁን አገኘች እንጂ ሐሳቡ ከራሷ ላይ አልወረደም። ምን እንደሚሠራ የምትነግረው፣ መሥራቱን የምታየው እሷው ናት።

ስለዚህ እገዛ አይጠይቁ፤ አንድ ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ያስረክቡ። ለምሳሌ የትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ የእሳቸው ይሁን። ማንበቡ፣ መፈረሙ፣ ቀኑን ማስታወሱ፣ በልጁ ቦርሳ መልሶ መክተቱ ሁሉ። ካስረከቡ በኋላ ግን አይፈትሹ። በራሳቸው መንገድ ይሥሩት፤ ቢዘገይም መምህሩ ለእሳቸው ይደውል። እዚህ ላይ መታገስ ከባድ ነው፣ ሆኖም ያለዚህ ነገሩ አይሠራም። የ7 ዓመቱም ልጅ የራሱን ካልሲ አጣምሮ ማስቀመጥ ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለቤት ሥራም ይሆናል።

መልስ ከ«የሕፃናት ነርስ»

ሌላውን ሁሉ ትተሽ አሁኑኑ ያንን የባትሪ ክዳኑ የወለቀ መጫወቻ ከጠረጴዛው ላይ አንሺው። የ3 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ይህ የኮተት ጉዳይ አይደለም። ብዙ ዘፋኝ መጫወቻዎች የሚሠሩት ሳንቲም በምታክል ክብ ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታስከትል ትችላለች፤ መጫወቻውን ማንቀሳቀስ ያቃታት ባትሪም ይህን ለማድረግ በቂ ኃይል አላት። ውጣ ይሆናል ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፣ እንድታስመልስም አታድርጊ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰጃት።

ስለ መጫወቻ ካነሳን ደግሞ፣ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች መካከል እንዲጫወቱ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። መጫወቻው ሲያንስ ሕፃናቱ በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ የሚጫወቱበት መንገድም በዛ። ስለዚህ መጣል እንኳ አያስፈልግሽም። አብዛኛውን በካርቶን አድርገሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪና ጥቂቱን ብቻ እጃቸው በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተዪ። ሲሰለቻቸው ቀይሪው፤ የተመለሰው እንደ አዲስ ይሆንላቸዋል። መያዣው ላይ የዕቃውን ሥዕል ብትለጥፊበት ትንሿም ራሷ ትመልሳለች። አንቺ ማታ ጎንበስ ብለሽ የምትለቅሚውም በዚያው ይቀንሳል።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጫወቻው ተነስቷል፣ ባትሪውም በእርግጥ ያቺው ክብ ነበረች። የቁልፍ መስቀያ ተመትቷል፤ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ባለቤቴ ተረክቧል፣ በደስታ ነው የተቀበለኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በሞት ያረፈችው እናቴ ልብሶችና ደብተሮች በካርቶን ሆነው ማከማቻው ውስጥ አሉ፤ ልከፍታቸው አቅም አጣለሁ። ሌላው፣ ቤቱ ካማረ በኋላም ደስታው አንድ ምሽት እንኳ አላደረም። ምን ጎድሎኝ ነው?

መልስ ከ«አመሻሽ»

እህቴ፣ ምንም አልጎደለሽም። የተጸዳ ቤት ዓይን በቶሎ ይለምደዋል፤ ማንኛውንም አዲስ ነገር እንደሚለምደው። ስለዚህ ከ«ቆራጧ» ጋር አልስማማም። ዕቃ መቀነስ ጊዜና ቦታ ይሰጣል፤ ደስታን ግን በራሱ አያመጣም። በአንድ ቅዳሜና እሑድ የተራገፈ ቤትም የሚኖርበት ሰው ልማድ ካልተለወጠ መልሶ ይሞላል።

የቤት ሥራ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ዛሬ መብላታችን ነገ ከመራብ አላዳነንም፤ በዚህም ማንም ተሸነፍኩ አይልም። ቤትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «አልቋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪውና ለቀኑ መዝጊያ አብጂለት። በእኔ ቤት ማታ የሚደረገው ይህ ነው፦ ዕቃ ይታጠባል፣ የበሩ ጠረጴዛ ይጸዳል፣ የነገ ልብስ ይወጣል። ሦስቱ ከተደረጉ ቀኑ ተዘግቷል። ቅርጫት ሙሉ ያልታጠፈ ልብስ ቢኖር እንኳ አልነካውም፤ የነገ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ተቀምጬም ዓይኔ ወደ ቅርጫቱ ይሄድ ነበር፤ አሁን አይሄድም። ከመዝጊያው በኋላ ያለው ሰዓት ለልጆቹ ተረት፣ ለባለቤቴ ወሬ፣ አንዳንዴም ለዝምታ ነው። ቤቴን የምወደው በዚያ ሰዓት ነው።

በአንድ ሳምንት አልሆነልኝም ብለሽ አትተዪው። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ ለመሆን አማካዩ 66 ቀን ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደየሰው ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ስልኩ ላይ የምታያቸውን ቤቶች ደግሞ መከተል አቁሚ። የምታዪው ፎቶው የተነሳበትን ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደበተነበት አታዪም።

መልስ ከ«የሕፃናት ነርስ»

አንድ ነገር ልጨምር። ድካምና መሰላቸት ከላይ በተጻፈው ምክር ይቀላል። ነገር ግን ሐዘኑ ወይም ምንም ነገር ደስ አለማለቱ ለ2 ሳምንት ያህል በአብዛኛው የቀኑ ክፍል ካልለቀቀሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባብሽ፣ ልጆቹን ማቀፍ እንኳ ከከበደሽ፣ ይህ የጓዳ ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነውና ሐኪም አማክሪ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ 2 ሳምንቱን አትቁጠሪ፤ ያንኑ ዕለት ለሚቀርብሽ ሰው ተናግረሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። እናትሽን ማጣትሽንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሐዘንና የቤት ድካም ሲደራረቡ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

መልስ ከ«ጡረተኛዋ መምህርት»

ልጄ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ካርቶኖቹን አሁን መክፈት የለብሽም። ልብሷ ቦታ ቢይዝ ይያዝ፤ ለዚህ የሚቸኩልብሽ የለም።

እስከዚያው ግን እንዳይበላሹ ጠብቂያቸው። ካርቶኖቹን ከወለሉ ከፍ አድርጊ፣ ከእርጥብ ግድግዳና ከቧንቧ አርቂያቸው። ልብሱ ሳይታጠብ የገባ ከሆነ ብል ይወደዋል፤ ላብና ቅባት የነካው ጨርቅ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አጥቦና በደንብ አድርቆ ይመልስልሽ። ደብተሮቹ ላይ ላስቲክ ወይም የወረቀት መያዣ ብረት ካለም ያው ሰው ያውጣልሽ፤ ላስቲኩ ደርቆ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፣ ብረቱም ይዝጋል።

የምትከፍቺበት ቀን ሲደርስ ብቻሽን አትቀመጪ። እህት ወይም ወንድም ካለሽ አብራችሁ ሁኑ፤ አንቺ የማትፈልጊውን እነሱ ሲፈልጉት የኖሩት ሊሆን ይችላል። ከልብሱ አንድ ሁለቱን አስቀሪ፤ የምትለብሺውን ወይም ለልጅሽ የሚሆነውን ምረጪ፣ ካርቶን ውስጥ ተመልሶ የሚገባ አይሁን። ደብተሮቹን ግን አንድም አትጣይ፣ የሒሳብ መዝገብ ቢመስልሽም። መጀመሪያ ሁሉም ይነበብ፤ ልጆችሽም አያታቸውን የሚያውቁበት ነው።