እጅ ማፍታቻው ማን ይሁን?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ትናንት ቸርችል ጎዳና ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ዝናቡ በተነን፤ እዚህ ይቀጥል። ለቀዶ ሕክምና ሥልጠና የሚሆን ገንዘብ ቢገኝ የቪአር ሲሙሌተር (በመነጽር በሚታይ የምናብ ዓለም ውስጥ የሚያለማምድ ማሽን) ይገዛበት ወይስ አይገዛበት? ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) መነጽሩን ያጠልቃል፣ ሁለት መያዣ ይጨብጣል፣ የሌለ ሰው ሐሞት ከረጢት ያወጣል። ቢሳሳት የሚደማ የለም። እኔ ይገዛ ባይ ነኝ። አብራሪ ሰው ጭኖ ማረፍ አይማርም፤ ቦሌ ያሉት የአየር መንገዳችን ልጆች ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የሚለማመዱት ሲሙሌተር ውስጥ ነው። የኛ በሽተኛ ከተሳፋሪ በምን ያንሳል?

ሬዚደንት፣ 3ኛ ዓመት፦ ይገዛ! እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 16 ሬዚደንቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በቪአር አሠለጠኑ። ከዚያ ሁሉም እውነተኛ ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሲያላቅቁ በቪዲዮ ተገመገሙ። በቪአር የሠለጠኑት 29 በመቶ ፈጠኑ። ያልሠለጠኑት ሐሞት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ያልታሰበ ቦታ የማቃጠል ዕድላቸው 5 እጥፍ ነበር። ላፓራስኮፒ (ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ጥገና) ይዞ ለማያውቅ ላስረዳ፦ መሣሪያው ሆድ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ስለሚገባ እጅህን ወደ ቀኝ ስትወስድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ዓይንህ ደግሞ ስክሪን ላይ እንጂ እጅህ ላይ አይደለም። ይህን እስክትለምድ ትደናበራለህ። መደናበሩ በማን ሆድ ውስጥ ይለቅ?

ሲኒየር፦ ልጄ፣ ጥናቱን አልነቅፍም፤ 16 ሰው መሆኑን ግን አትርሳ። ይልቅ የቅዳሜ ሌሊት ዱቲህን አስብ። ምን ገባ? የፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ የተጠማዘዘ አንጀት፣ መኪና የገጨው፣ በስለት የተወጋ። ስንቱን በካሜራ ሠራህ? ቪአር የሚያበራው ላፓራስኮፒና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ ወደ ውስጥ አስገብቶ ማየት) ላይ ነው። ያበጠ አንጀት ስትሰፋ ክሩ ይዞ ሊቀመጥ ነው ወይስ ሊቀደድ ነው የሚለውን የሚነግርህ ጣትህ ነው፤ እርጥብ ወረቀት እንደ መስፋት ነው። መያዣው መዳፍህ ውስጥ ነዘር ይልልሃል እንጂ ይህን አያውቀውም።

ማሚቱ ጋሼን ታውቃታለህ? ፊስቱላ በሽተኛ ሆና ገብታ፣ ትምህርት ቤት ሳትረግጥ፣ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከመሠረቱት ከሃምሊን ባልና ሚስት ጎን ቆማ እያገዘች ቀዶ ጥገናውን ተማረች። ኋላ ዲግሪ የጫኑ ሐኪሞችን አስተማረች። እሷን ያሠለጠናት መነጽር ነው?

ሬዚደንት፣ 3ኛ ዓመት፦ ዶክተር፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎ እንደ ሃምሊን ጎኔ የሚቆሙበት ሰዓት ካለ መነጽሩን ዛሬውኑ እተወዋለሁ። አንድ ሲኒየር ለስንት ሬዚደንት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። እኔ ቋጠሮ የተለማመድኩት አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው። ስፌት በሙዝ ልጣጭ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወደ በግ ጨጓራ አደግኩ። ባለ ሉካንዳው «ለዱለት ነው?» ሲለኝ «ለስፌት» ብዬው እስካሁን ሲያየኝ ያፈጥብኛል። ሁዳዴ ሲገባ እሱም ይዘጋል፤ ሙስሊም ሉካንዳ ፍለጋ እዞራለሁ።

ለላፓራስኮፒ ደግሞ የታሸገ ውሃ ካርቶን አለኝ። ሁለት ቀዳዳ፣ ስልኬ ከላይ ካሜራ ሆኖ፣ የተጣሉ ሁለት ቆንጠጫዎች። ሽምብራ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው አሻግራለሁ። የመጀመሪያው ቀን 10 ሽምብራ 9 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሰባቱ ወለል ላይ ነበሩ።

የግዢ ሰው፦ ራስህ መለስከው እኮ! ካርቶን ካለህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ምን ይባላል? መነጽሩ አይደለም ውዱ፤ ሜታ ኩዌስት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያው አገሩ ከ300 ዶላር ጀምሮ ይገኝ ነበር። ውስጡ ያለው የቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ነው ጉዱ። በየዓመቱ ይከፈላል፣ በዶላር ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ለማንም አልነግርም። ለጋሹ የመጀመሪያውን ዓመት ይከፍልና ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ማነው ከፋዩ? ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ ሳነሳ ሁሌም ሻይ ሰዓት ይደርሳል።

ሲስተር (ኦአር፣ የቀዶ ጥገና ክፍል)፦ እኔ ማሽን አልጠላም፤ 20 ዓመት ከማሽን ጋር ነው የኖርኩት። አንድ ቦታ ስሠራ ግን፣ ስሙን አልጠራም፣ የመለማመጃ ማሽን መጣ። ትልቅ ነው፣ ስክሪን አለው፣ እንደ ሙሽራ ተቀበልነው። እንዳይሰረቅ ተብሎ ክፍል ተቆለፈበት። ቁልፉ አንድ ኃላፊ ጋ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ። ልጆቹ ዱቲ ጨርሰው ማታ ሲመጡ ዝግ፣ ጠዋት ክፍት ሲሆን እነሱ ራውንድ ላይ። ከጊዜ በኋላ አቧራ እንዳይገባበት ብላ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ከቤቷ ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው። ነጭ፣ ጫፉ ጽጌረዳ የተሠራበት። እስክለቅ ድረስ ዳንቴሉ እየታጠበ ይመለስ ነበር፤ ማሽኑ ግን አንድም ቀን ሲበራ አላየሁም።

የዓይን ሐኪም፦ በኛ በኩል ማስረጃው ጠንከር ይላል። እንግሊዝ አገር ሲሙሌተር ከገባ በኋላ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች የዓይን ሞራ ሲያወጡ የሌንሱን የኋላ ሽፋን የመቅደድ መጠናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ከነበረው 4.2 በመቶ በ2015 ወደ 2.6 ወርዷል። በእርግጥ በነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ተሻሽሎ ይሆናል። ያ ማሽን ደግሞ ለፋኮ (ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በማሽን ለመምጠጥ) ነው፤ እኛ ዘመቻ ላይ ከመቶ ሰው የምናወጣው ግን ያለ ፋኮ ማሽን፣ በእጅ፣ በትንሽ ቅድ ነው።

ለዚህኛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አለ። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከዚምባብዌ የመጡ ሠልጣኞች ኬፕታውን ላይ ለአምስት ቀን በሰው ሠራሽ ዓይን ተለማመዱ። መነጽር የለም፤ ላስቲክ ዓይን፣ ማይክሮስኮፕ፣ አጠገባቸው የሚያርም ሰው። በቀጣዩ ዓመት ሽፋኑን የቀደዱት ከ8 በመቶ በታች ነው፤ ያንን ሥልጠና ገና ያላገኙት ከሩብ በላይ። ስለዚህ «ቪአር ወይስ በሽተኛ» የሚለው አማራጭ ከመነሻው ልክ አይደለም።

የታካሚ ልጅ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አንብቤ አንብቤ ዝም ልል ነበር። እናቴ አምና ሐሞቷን ተሠራች። ጠዋት አልጋዋን ሲገፉ እጄን ይዛ «ማነው የሚቀደኝ? ያ ቀጭኑ ልጅ ነው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። ፎርሙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የማን እጅ እንደሚገባ የሚል መስመር አልነበረውም፤ ቢኖርም ያን ሰዓት ዓይኔ አያነብም። ደህና ወጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ግን እዚህ ስለ ዶላርና ስለ መነጽር ስትከራከሩ «በሰው ቁስል እንጨት ይሰዱበታል» የሚለው ነው የመጣብኝ። በካርቶንም ይማር በመነጽርም ይማር። እናቴ ጋ ከመድረሱ በፊት «አሁን ይችላል» ብሎ የፈረመ ሰው አለ ወይ?

ሬዚደንት፣ 3ኛ ዓመት፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? በሽታና ቀዶ ጥገናው ላይ በጽሑፍም በቃልም ተፈትኛለሁ። ቆንጠጫ አስጨብጦ ሰዓት የያዘብኝ ግን የለም። ለሽምብራው ሰዓት የያዘልኝ የራሴ ስልክ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ እዚህ ላይ አቋሜ ትንሽ ተነቃነቀ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ቦርድ ለመፈተን የላፓራስኮፒ መሠረታዊ ችሎታ ፈተና ማለፍን ግዴታ አድርገዋል። የእጅ ፈተናው ደግሞ በቪአር አይደለም። በሳጥን ነው! ስድስት ቀለበት ከግራ ወደ ቀኝ ማሻገርና መመለስ፣ ጨርቅ በክብ መቁረጥ፣ ማሰር፣ መስፋት። ከልጃችን ካርቶን ብዙም አይርቅም። ለቪአሩ ያለኝ አንድ የቀረ ነገር ስህተትን ራሱ መቁጠሩ ነው፤ አጠገብህ ሰው ባይኖርም «እዚህ ጋ አቃጠልክ» ይልሃል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እኛ አገር ጤና መኮንኖችን በማስተርስ አሠልጥነን ለድንገተኛ ቀዶ ጥገናና ለወሊድ ኦፕሬሽን ወደ ክፍለ ሀገር ልከናል፤ እነሱ ጋ የሚያርም ሲኒየር የለም። ማሽኑ ከተገዛ እዚያ ይሂድ፣ ጥቁር አንበሳ ዙሪያ አይደለም።

የግዢ ሰው፦ እዚያ መብራትም ኔትወርክም አብረህ ላክ።

ሲኒየር፦ የአብራሪዋን ነገር አንተ ነህ ያመጣሃት፤ ሙሉዋን እናውራት። አብራሪ ሲሙሌተር የሚገባው ሲማር ብቻ አይደለም። ካፒቴን ከሆነ በኋላም በየስድስት ወሩ ይመለሳል፤ ከወደቀ አይበርም። እኔ ስፔሻሊስት ከሆንኩ 17 ዓመቴ ነው። አንድም ቀን እጄን የፈተነኝ የለም። እህታችን የጠየቀችው እኔንም ይመለከታል፤ ትናንት ቡናው ላይ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሆኖም ገንዘቡ እኔ ጋ ቢመጣ መነጽር አልገዛም። አሥር ሳጥን እሠራለሁ፣ ሰው ሠራሽ ዓይኑንም ለነዚያ እገዛለሁ፣ የቀረውን በሳምንት ሁለት ከሰዓት ከኦአር ነፃ ለሚሆን አስተማሪ እከፍላለሁ። ልጁ እውነቱን ነው፤ እኔም የጠፋሁት ወድጄ አይደለም።

ሲስተር (ኦአር)፦ ቁልፉስ?

ሲኒየር፦ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን ሲስተርዬ።

ሲስተር (ኦአር)፦ እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ክፍሉን እከፍታለሁ። አንተ ካርቶንህን ይዘህ ና፤ ሽምብራው ከኔ። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ዶክተርም ይመጣሉ።

ሲኒየር፦ እመጣለሁ። መጀመሪያ ልጁ ይሥራ፤ እኔ ስሠራ ስልክ የሚያወጣ ሰው ግን እንዳላይ።