«የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም»

የሰፈሩ ልጅ፦ እሁድ እድር ላይ የተባለውን ሰማችሁ? ባለፈው አንድ ልጅ በውሻ ተነክሶ የለ? እሱን አንስተው አንድ አባል «ማታ መርዝ ይበተን፣ ከበር ውጭ የተገኘ ውሻ ሁሉ ይወገድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ምናምን የሀብታም ነገር ነው» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ካጨበጨበው ግማሹ ውሻ አለው። ስንቱ አስከትቧል?

ጋሽ ነባሩ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «አንድ አባል» እያልክ አትዙር። የተነከሰው የወንድሜ ልጅ ነው። ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ እናቶች ዱላ ይዘው ነው የሚወጡት። የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም። ተከትቦ አያውቅም፣ ማንንም ነክሶ አያውቅም። መንገድ ላይ ያለው ይጽዳ ነው ያልኩት።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ ልጁን እግዚአብሔር ይማረው። ግን ከግቢ አይወጣም? በቆርቆሮ በርዎ ሥር ያለውን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? ሌሊት በሆዱ እየተሳበ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ቡናማ ፀጉሩ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ሄደው ይዩት። ጠዋት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አንጀት ጠግቦ ነው የሚመለሰው።

ጋሽ ነባሩ፦ ቡናማው የኔ አይደለም። የኔ ነጭ ነው።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ታዲያ ቡናማው ግቢዎ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጋሽ ነባሩ፦ እንግዳ ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ሃሃሃ! ነጩ አይወጣም፣ እንግዳ ግን ይቀበላል።

አራተኛ ዓመት፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ። ክርክሩ ያለቀው «እንግዳ ነው» ሲባል ነው። ግቢ ውስጥ የሚውል ውሻም ይከተባል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም ብትሉ ይቀላል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይሞትበታል ተብሎ ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ መጣልን ዶክተሩ። መጀመሪያ ተመረቅ።

እናት ነኝ፦ ለልጆቼ ደብተር መግዛት አቅቶኝ ለውሻ መርፌ? ጋሽ ነባሩ ልክ ናቸው። የሀብታም ነገር ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦ እህቴ፣ የተነከሰው ልጅ የሚወጋው አንድ ጊዜ እንዳይመስልሽ። በሳምንታት ውስጥ እየተመላለሰ ነው። አባትየው የቀን ሠራተኛ ነው። በሄደ ቁጥር ከሥራ ይቀራል። የቱ ነው የሀብታም ነገር?

ጋሽ ነባሩ፦ እኛ በልጅነታችን ሆዳችን ላይ ነው የተወጋነው፣ ያውም በየቀኑ። ዛሬ ክንድ ላይ ነው፣ ምን ያስለቅሳል?

አራተኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ የነከሰውን ውሻ ማን ገደለው?

ጋሽ ነባሩ፦ ሰፈሩ ነዋ። እንሳመው?

አራተኛ ዓመት፦ ታስሮ 10 ቀን ቢታይ ነበር የሚሻለው። 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። የልጁም መርፌ ሊቋረጥ ይችል ነበር። መርፌው ግን ወዲያው ይጀመራል፣ አይጠበቅም። አሁን ውሻው የለም፣ ልጁ በግምት እየተወጋ ነው።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ቁስሉ ላይም ቡና ነስንሰውበት ነበር አሉ።

ጋሽ ነባሩ፦ ቡና ደም ያቆማል።

አራተኛ ዓመት፦ ደሙን ተዉት። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

የሌሊት ጥበቃ፦ ቆይ፣ እኔንም አድምጡኝ። በር ላይ የማድረው ከእነዚያ ከምትረግሟቸው ውሾች ጋር ነው። ሌባ ሲመጣ ቀድመው የሚጮሁት እነሱ ናቸው። መርዝ ከበተናችሁ እኔ ብቻዬን አልጠብቅም።

እናት ነኝ፦ እንግዲያ አስከትባቸዋ።

የሌሊት ጥበቃ፦ ደሞዜን ታውቂያለሽ?

የሰፈሩ ልጅ፦ ከእድሩ ካዝና ይውጣ። ለድንኳንና ለወንበር ገንዘብ አለ፣ ለሁለት ቀን የክትባት ዘመቻ የለም?

ጋሽ ነባሩ፦ የእድር ገንዘብ ለሞተ ሰው ነው። ለውሻ አይወጣም።

የሰፈሩ ልጅ፦ ስለዚህ ልጁ እስኪሞት እንጠብቅ፣ ያኔ ይወጣል።

ጋሽ ነባሩ፦ አፍህን ዝጋ! በወንድሜ ልጅ አትቀልድ!

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ነገሩ ተካረረ፣ ልጁን አትጥሩት። መርዙን ግን ልጠይቅ። የሞተውን ውሻ ማን ያነሳዋል? አሞራዎቹ አባ ኮዳዎች ይቀራመቱታል፣ ከዚያ እነሱም ይረግፋሉ። ቱሪስቱ ዓሣና አባ ኮዳ ሊያይ አይደል የሚመጣው?

አራተኛ ዓመት፦ መርዝ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይፈጃል። ቦታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ይገባሉ። 70 በመቶ የሚሆነውን ውሻ ብንከትብ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ባሌ ላይ እኮ ከቤት ውሻ የተላለፈው ይሄው በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የሆነው ይታወቃል። በዓለም የቀሩት 500 አይሞሉም። እዚያ የገበሬው ውሾች ይከተባሉ።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ስለ ቀበሮ ማን ጠየቀህ? ባጃጄን ተከትለው ጎማ የሚነክሱት ቀበሮዎች አይደሉም።

እናት ነኝ፦ ባለፈው ቤት ለቤት እከትባለሁ እያለ መርፌ በፌስታል ይዞ የዞረውስ? ሃምሳ ሃምሳ ብር ተቀብሎን ሄደ። በረዶ የለ፣ ሳጥን የለ።

አራተኛ ዓመት፦ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ፀሐይ በፌስታል የዞረ መርፌ ላይ እምነት አይጣልም። ካርድ ሰጥቷችኋል?

እናት ነኝ፦ ካርድ? ጠቅ አድርጎ ሄደ።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ለካ አንቺም ለውሻ ከፍለሻል። የሀብታም ነገር አልነበረም እንዴ?

እናት ነኝ፦ ለድመቴ ነው የከፈልኩት።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ድመትም ያብዳል?

አራተኛ ዓመት፦ ያበደ ውሻ ከነከሳት ታብዳለች፣ እሷም ትነክሳለች። ትከተብ። የትል መድኃኒትም ስጧት፣ ልጆች አልጋ ላይ ነው የምትተኛው።

ጋሽ ነባሩ፦ ድመት ደግሞ ገባች! ውሻ አስከትቡ፣ ድመት አስከትቡ። ቀጥሎ ዶሮዬን ልትሉ ነው።

አራተኛ ዓመት፦ የዶሮም ክትባት አለ፣ ጋሼ። ለፈንግል ይሰጣል።

ጋሽ ነባሩ፦ አንተ ልጅ፣ ተመረቅና ጥራኝ።

የሌሊት ጥበቃ፦ የኔን ጥያቄ የመለሰ የለም። በር ላይ አምስት ናቸው። ማን ይከፍላል?

የሰፈሩ ልጅ፦ ቀበሌውን እንጠይቅ።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ጠይቅና በ2030 መልስ ይመጣልሃል።

አራተኛ ዓመት፦ እ.ኤ.አ. 2030 እኮ ከውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው እንዳይሞት በዓለም ደረጃ የተያዘው ዓመት ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ይኸው አልኩህ።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ ስለ ቡናማው አልመለሱልኝም። ማን ነው የሚያበላው?

ጋሽ ነባሩ፦ ባለቤቴ ትራፊ ትሰጠዋለች። ትራፊ ሰጠሁ ማለት ባለቤቱ ሆንኩ ማለት ነው?

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ በርዎ ሥር ገብቶ፣ እጅዎ ላይ በልቶ፣ ግቢዎ ውስጥ አድሮ? የማን ይሁን ታዲያ?

የግሩፑ አስተዳዳሪ፦ ስለ ቡናማው ውሻ የምትጨቃጨቁ በውስጥ መስመር ጨርሱ።

ሚሚ ሐይቅ ዳር፦ በውስጥ መስመር አላወራም። እዚሁ ይመልሱልኝ።